ከነላስቲኩ ስለሚታከመው በሽተኛ

ለተከበሩት የሕክምና ኮሌጁ ዲን፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ፣ ከነጽሕፈት ቤትዎ፣ በተለይም ከነምንጣፍዎ ይድረስዎ። ጤናዎን አብዝቼ የምመኝልዎ ለወግ ያህል አይደለም፤ ኮሌጅዎን ከጎበኘሁ ወዲህ ታመው በራስዎ ተማሪዎች እጅ እንዳይወድቁ ከልቤ ስለምሳሳልዎ ነው።

በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት አብራኝ የመጣችው፣ ጥያቄ የምታበዛው ልጅ የእህቴ ልጅ ናት። ሁለት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋታል፤ አንዱ የእርስዎ ሲሆን ሌላው አሮጌ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው፣ ቀለሙ የተላላጠው ነው። እስከ አርብ በአንዱ ካልፈረመች ሁለቱም ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባት ነበር። ዘመድ አዝማዱ በአንድ ድምፅ እርስዎን መርጦ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በርዎን አይቶ እንዲህ ያለ በር ያለው ኮሌጅ መጥፎ ሐኪም አያወጣም ሲል ፈረደ፤ እህቴም ለጎረቤቱ ሁሉ አስቀድማ አወራች። እኛ ለመጎብኘት የመጣነው ምርጫውን ለመመረቅ ያህል ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ መስተንግዶው። ሁለት ሰዓት ከፈጀው ጉብኝት ውስጥ አንዱ ሰዓት በፏፏቴው፣ በእብነ በረዱና በምረቃ አዳራሹ አለቀ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ልጅቷን ገና ሳትመዘገብ ካባ አልብሰው፣ ቆብ ደፍተውላት ፎቶ አነሷት። ለአንድ ቀሚስ ልኬት ለመውሰድ ሩብ ሰዓት የሚፈጅብኝ ሰው ነኝና፣ በሁለት ደቂቃ ሐኪም ሲሰፋ በማየቴ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። የካባው ስፌትም እንከን የለውም።

፪ኛ. ስለ በሽተኛዎ። አባቷ አምና ሳሎን ውስጥ ድንገት ወድቆ ሲሞት፣ ዙሪያውን የቆምነው ሁሉ እጃችንን የት እንደምናደርገው አናውቅም ነበር። ልጅቷ ሐኪም እሆናለሁ ያለችው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ማየት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተማሪዎች የቆመ ልብ ማስነሣት የሚለማመዱበትን ክፍል። ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ነው። በስንት ልመና ሲከፈት፣ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ከፋብሪካ በመጣበት ላስቲክ እንደተጠቀለለ ተንጋሎ አገኘነው። ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ፣ ልጄ፣ በእኔ ስም የወጣ ዕቃ ነው፣ ቢቆሽሽ ማን ይጠየቃል ብለው መከሯት። ታዲያ ተማሪዎቹ በምን ይለማመዳሉ ብትላቸው፣ ከነላስቲኩ ነዋ አሏት፤ ደረቱን ሲጫኑት ላስቲኩ ኮሽ ካለ መምህሩ ነፍስ ዘርቷል ብሎ ማርክ ይሰጣል። እኔም ሶፋዬን አሥር ዓመት ከነላስቲኩ ያኖርኩ ሰው ነኝና አልፈርድብዎትም፤ ልዩነታችን፣ በእኔ ሶፋ ተለማምዶ ድንገተኛ ክፍል የሚመደብ አለመኖሩ ነው።

፫ኛ. ስለ ብዛታችሁ። በአንድ የሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ሠላሳ ሁለት ተማሪ ቆጥሬያለሁ። ከኋላ የቆሙት የፊተኞቹን ጀርባ በሚገባ ይመረምራሉ። ከመካከላቸው አንዷ የልጅቷን ረጅም ቁመት ከታች እስከ ላይ አይታ፣ ግቢ እህቴ፣ አንቺስ ይታይሻል ብላ አበረታታቻት። ከመግቢያ መስፈርቶቻችሁ ሁሉ እውነተኛው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

፬ኛውን ትቼዋለሁ፤ መጸዳጃ ቤቱን የሚመለከት ነበር።

በማግሥቱ ወደ አሮጌው ትምህርት ቤት ሄድን። ፎቶ የሚያነሳን ቀርቶ ወንበር የሚስብልን አልነበረም። አሻንጉሊታቸው አንድ ጆሮ የለውም፤ ደረቱ በስንት እጅ ተገፍቶ ሰርጉዷል፤ ትከሻው ላይ ያለው ስፌት ደግሞ ሙያዬን ያሰደበ ነው። አንዲት ነርስ ልጅቷን አንበርክካ፣ ክንድሽን አታጥፊ፣ ጫን በይው እያለች አላበቻት። ገደልሽው፣ እንደገና አለቻት። ሰባት ጊዜ ገደለችው፤ በስምንተኛው ነርሷ፣ አሁን ተነሣልሽ አለቻት። ልጅቷ በታክሲው ውስጥ መዳፎቿን እያየች፣ አክስቴ፣ ለካ ይህን ያህል ነው የሚገፋው አለችኝ። ሐሙስ ጠዋት እዚያው ፈረመች። ታላቅ ወንድሜ እስከ ዛሬ አኩርፏል።

በእርስዎ ዘንድ የተያዘላትን ቦታ ቁመቱ ለደረሰ ሰው እንዲሰጡልኝ እየለመንኩ፣ ለኮሌጅዎ ዘመን ከዘመን የማያረጅ ንብረት፣ ለእርስዎም ሐኪም የማያሻው ረጅም ዕድሜ ከወገብ ዝቅ ብዬ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ አክስት

ማስታወሻ፦ በአሮጌው ቤት ለልጅቷ ጋዋኗን ያዋሰቻት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የእርስዎ ልጅ መሆኗን የነገረችን ስንሰናበታት ነው። ደህና ናት፤ እጇም እየጠነከረ ነው። አባዬን ሰላም በሉልኝ ብላለች።