ሁለተኛው ለማን ይሠራል

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህን ልጠይቅ ስል እጄ ትንሽ ቆም አለ። ቢሆንም ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነውና፣ እንደምን አለህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የእማዬን ነገር ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

ያ ሙግታችን ትዝ ይልሃል? ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ያዋጣል፣ አያዋጣም እያልን ፎቶ ቤቱን ስናምሰው። አንተ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ስትል፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛው ሥራ እንዳጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ሊሰፋ ነው ወይ ብዬ እስቅብህ ነበር። በአንዷ አሮጌ ማሽን ተራ እንጠብቃለን። እኔ የደንበኛውን ፊት ሳጸዳ አንተ አፍህን ከፍተህ ትጠብቃለህ፤ እኔ ስነሳ አንተ ተቀምጠህ ከጀርባው ያለውን ግድግዳና ጥላውን ትሠራለህ። «አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለእኔ፤ ወረፋ ቀረ» ነበር ያልከኝ። ሳንስማማ ሄድክ። አሁን ገዝቼዋለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ለእኛ ሥራ አያዋጣም። ያ «ብሎን» እያልክ የምትጠራው ጠጋኛችን እንዳስረዳኝ፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ለሁለት መክፈል ካላወቀ አንዱ ይለፋል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። የእኛው ደግሞ አሮጌ ስለሆነ መክፈል አያውቅም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሁለቱን ልፋት የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሥራ ሲበዛ ይወጣሉ፣ ሲያርፉ ይተኛሉ። እኔ ስሠራ የመጀመሪያው ይወጣል። እጄን ሳነሳ ይተኛል። ያኔ ሁለተኛው ይነሳል።

ብሎን መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቫይረስ ነው ብሎ ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። ኢንተርኔቱን ነቀለ። ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ጫነ። ምሳ በልተን ስንመለስ ሁለተኛው መስመር ጣሪያ ነክቶ ጠበቀን። ከዚያ ወዲህ ብሎን ማሽኑ አጠገብ ሲሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

ወደ ፎቶዎቹ ልምጣ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጥላ የሚባል ነገር ትቻለሁ፤ ነጭ ግድግዳ አደርግና አትሜ እሰጣለሁ። አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን ይዛ ተመለሰችና «ብርሃኑ ከግራ እየመጣ ጥላዬ እንዴት በግራ ይወድቃል?» አለችኝ። አየሁት። ግራኝ ስለሆንክ ዓለሙን ገልብጠህ ነው የምታየው እያልኩ ስጨቀጭቅህ የኖርኩበት ስህተት ነው፤ እንዲህ የሚሳሳት ሌላ ሰው አላውቅም። የሙሽራዋን አስተካክዬ ሰጠኋት። ቀጥሎ የመጣውም በግራ ሆነ። የሕፃኑም፣ የሽማግሌውም።

አልዋሽህም፣ ፈራሁ። ደስም አለኝ። ጠዋት ስገባ «እንዴት አደርክ» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ለእማዬ ነገርኳት፣ አሁን ቀኑን ሙሉ እዚህ ናት። በጥቁር ልብሷ ወንበሯን አስጠግታ መዳፏን ማሽኑ ጎን ላይ ታሳርፋለች፤ ይሞቃል። ብሎን፣ ሁለተኛውን ልንቀለው፣ በአንዱም ይበቃችኋል ቢል «ማንን ነው የምትነቅለው?» ብላ ተነሳችበት። ካቻቪቴውን ጥሎ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት «እስቲ እኔንም አንሺኝ» አለችኝ። ብቻዋን ወንበር ላይ አስቀምጬ አነሳኋት። ፊቷን አጽድቼ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። ስመለስ ከኋላዋ፣ በግራ በኩል፣ ሁለት ጥላ አለ። አንዱ ረጅም ነው፣ እንዳንተ አንድ ትከሻው ዘመም ያለ። ሌላው የእሷ ነው፤ እሷ ተቀምጣለች፣ ጥላዋ ግን ቆሟል። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

እማዬ አይታ ፈገግ አለች። «አየሽ፣ አልረሳኝም» አለች። ከዚያ ወዲህ ልብሷን ለጎረቤት እያደለች ነው። መድኃኒቷንም መዋጥ ትታለች። ስቆጣት «ምን ቸገረሽ ልጄ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ» ትለኛለች፣ ደግሞም ከልቧ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በዚሁ ማሽን ነው፤ ፖስታ ቤት አያስፈልገውም። ላስብ ቆም ባልኩ ቁጥር ያንተ መስመር ይነሳል። ሁለተኛውን እንዲነቅለው ብሎንን መልሼ ጠርቼው ነበር፣ ይኸው በር ላይ ቆሟል። ላስገባው ብል ልቤ እምቢ አለኝ። ሂድ እለዋለሁ። ሁለት ጊዜ ልቀብርህ አልችልም።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ሥራ ከፈለግክ የከተማውን ሰው ሁሉ ጥላ በግራ ጣለው፣ ዳግመኛ አላርምህም። እማዬን ግን አታቻኩላት። ናፍቃሃለች፣ አውቃለሁ። እኔም እኮ አለሁ። እኔስ ከማን ጋር ልቅር?

ፈጣሪ ያለህበትን ቦታ ብርሃን ያድርግልህ። የእማዬን ፎቶ ከፍቼ፣ እጄን አንስቼ እወጣለሁ። እባክህ ወንድሜ፣ ጥላዋን መልሰህ ወንበሩ ላይ አስቀምጥልኝ።

ታላቅ እህትህ