ከወላጅ ፊርማ በላይ

ሰበታ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ የወይንሐረግ፣

በእናትሽ በእማማ ማሪቱ እጅ የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። የቢታንያን ካርድና መሸኛ እንድልክልሽ፣ የዓመቱን መዝጊያ ወሬም አንድ ሳላስቀር እንድጽፍልሽ ጠይቀሻል። ካርዱም መሸኛውም በዚሁ ፖስታ ውስጥ አሉ። ወሬውንም አንድ አላስቀርብሽም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወይኒ እያልኩ ስጠራሽ ኖሬ ዛሬ ሙሉ ስምሽን ለምን እንደጻፍኩ ከወሬው መሀል ታገኚዋለሽ።

ከደስ ደሱ ልጀምር። መዝጊያው ሐሙስ፣ ሰኔ ሠላሳ ዋለ። ዒድ ረቡዕ ስለነበር የበዓሉ ድካም ሳይለቀኝ፣ ባለቤቴ አክመል «የልጆቹ ድርሻ ነው» ብሎ ከሱቁ ያወረደውን ሁለት ካርቶን ብስኩት በባጃጅ ጭኜ ደረስኩ። ርዕሰ መምህራችን ደጊቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወንበር ስታስደረድር ነበር። ንግግሯን ገና እንደጀመረች መብራት ሄደ። ማንም አልተጨነቀም፤ ደጊቱን ታውቂያታለሽ፣ ያለ ድምፅ ማጉያም ዓለም ገና ድረስ ትሰማለች።

የሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለ ክትባት ድራማ አቀረቡ። ሐኪሙ መርፌውን ሲያወጣ በሽተኛዋ የምሯን አልቅሳ ሮጣ እናቷ ጉያ ገባች፤ ሐኪሙም «ኧረ የውሸት ነው» እያለ ከነመርፌው ተከተላት። ወላጆች ከሳቅ ብዛት እንባቸውን ጠረጉ። ገመድ ጉተታውን በየዓመቱ የአማርኛ ክፍልና የአፋን ኦሮሞ ክፍል እያልን ነበር የምናጋጥመው። ዘንድሮ እንደዚያ መክፈሉ ሁላችንንም ከበደን። ማንም ምክንያቱን ሳይናገር ወንድና ሴት ይሁን ተባለና ሴቶቹ ጎትተው ጣሏቸው።

የአንቺ የሳይንስ ክበብ ጎመን ግን ለመዝጊያ አልደረሰም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋባቸው ሳምንታት የሰፈሩ ፍየሎች ገብተው ከሥሩ ጨረሱት። የተረፈው «የሳይንስ ክበብ የጓሮ አትክልት» የሚለው ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱም የተረፈው ቆርቆሮ ስለሆነ ነው። የባከነውን ትምህርት ለማካካስ እስከ ሰኔ አጋማሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ስናስተምር ቆየን። አንቺ የካቲት ላይ ወደ ለገጣፎ ስትዛወሪ ከዚህ ሁሉ አመለጥሽ። ቢታንያን ዓመቱን ትጨርስ ብለሽ እናትሽ ዘንድ መተውሽ ግን ጥሩ አደረግሽ። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው፤ ምክንያቱን በኋላ ታያለሽ።

ቀጥሎ ሽልማት ሆነ። በምስክር ወረቀቶቹ ላይ ስም የምትጽፈው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የእኔ ኑሃ ናት። መምህራን እንኳ ለግድግዳ ጋዜጣ እጇን ይለምኗት ነበር። ደጊቱ ዘንድሮ በኮምፒዩተር ይታተም ብትልም ልጆቹ እንቢ አሉ፣ እንደ ወትሮው ኑሃ ትጻፍልን አሉ። ጻፈችላቸው፤ በግራ እጇ። ፊደሎቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ እንጂ ይነበባሉ።

የወይንሐረግ፣ ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አስታውሺልኝ። ከአዲስ አበባ ኪራይ ፍለጋ ስትመጡ ያን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያገኘሁላችሁ እኔ ነኝ። ልጆቻችን ያኔ አፍ በቅጡ አልፈቱም ነበር። በአንቺ ጾም እኔ ምሳዬን ያለ ሥጋ እቋጥር ነበር፣ አብረን እንድንበላ። በእኔ ጾም ደግሞ አንቺ ውኃ እንኳ ፊቴ አትጠጪም፤ ጠጪ ብልሽም ወጥተሽ ነው የምትጠጪው። ስለ እምነታችን ለሚጠይቀን ሁሉ «የእኛ ቤት አንድ ነው» እንል ነበር። እኔ ስለው አምኜ ነው።

አሁን የታህሳሷን ረቡዕ አስታውሺ። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ነገር ከተነሳ ወዲህ የቡራዩ ወሬ ጠዋት፣ የሱሉልታው ከሰዓት ይደርሰን ነበር። መሬቴ ይሄዳል ብሎ እንቅልፍ ያጣው ገበሬም፣ ልጇ ሰልፍ ወጥቶ ያልተመለሰላት እናትም በትምህርት ቤታችን በር ነበር የሚያልፉት። እኔና አንቺ በመምህራን ክፍል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስናወራ «እንግዲህ የሰማ ላልሰማ ይንገር» ተባባልን። መጀመሪያ ያልሽው አንቺ ነሽ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ 5ኛ «ለ»ን አማርኛ ሳስተምር አንኳኳሽ። ቢታ ጥርሷን አሟት አደረ፣ ሐኪም ቤት ልውሰዳት አልሽኝ። ፈቃዱን ፈረምኩልሽ፣ «እኔን» ብዬም ጉንጯን ዳሰስኩ። ከኑሃ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ። ቢታንያ ቦርሳዋን ስትሰበስብ ቆየች፤ አንቺ በሩ ላይ ሆነሽ ተቆጣሻት። እንደወጣችሁ ኑሃ እጇን አወጣች። ክፍል ውስጥ ኡሚ አትለኝም፣ እንደ ሌሎቹ ቲቸር ነው የምትለኝ። «ቲቸር፣ ልውጣ?» አለች። ቁጭ በይ አልኳት። ደገመችኝ። የመምህር ልጅ ሆነሽ አታሰድቢኝ፣ ደወል ሳይደወል ከዚህ ክፍል የሚወጣ የለም አልኳት። ልጆቹ ሳቁባት፤ ቁጭ አለች።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሰልፈኞቹ ከላይ መጡ፣ ወታደሮቹ ከታች፤ የእኛ በር መሀል ላይ ነበር። አስለቃሽ ጭሱ ግቢ ሲገባ ስድስት መቶ ልጅ ወደ አንድ በር ሮጠ፣ ከበሩም የተከፈተው አንዱ ወገን ብቻ ነበር። ኑሃ ወደቀች፤ የሮጠው ሁሉ በላይዋ አለፈ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር አክመል አዝሏት በውስጥ ለውስጥ ወጌሻ ዘንድ ወሰዳት። ሆስፒታል የደረስነው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ የቀኝ ክርኗ እንዳሻው ገጥሞ ቆየን።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዘሽ መጣሽ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ አለቀስሽ፣ ያባበልኩሽም እኔ ነኝ። እንኳን ቢታን ጥርሷን አመማት፣ በሰበቡ አላህ አወጣት አልኩሽ። ለጥርስ ሕመም አላህን ያመሰገነች ሴት ከእኔ ሌላ መኖሯን እንጃ። አንቺም «አሜን» አልሽ። ያን አሜንሽን ነው እስከ ዛሬ መርሳት ያቃተኝ።

ሰኔ ሃያ ሰባት፣ ሰኞ፣ የንብረት ርክክብ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ኳስ ቆጠርን፣ ጠመኔ ቆጠርን፣ ከዘበኛችን ከኦቦ ጎበና ደግሞ የበር ደብተሩን ተረከብን። በትምህርት ሰዓት ከግቢ የወጣ ልጅ ስም፣ ሰዓቱ፣ ምክንያቱና ወሳጁ የሚመዘገብበት፣ ያ ጠርዙ የተበላው ደብተር ነው። ሳገላብጥ ታህሳስ ላይ ደረስኩ። ያን ዕለት ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ አራት ተኩል አራት ልጆች ወጥተዋል። ጥርስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ለቅሶ፣ ጥርስ። ወሳጅ በሚለው ሥር አራት ጊዜ የአንቺ ስም አለ።

የቀሩት ሦስቱ የማን ልጆች እንደሆኑ ነጋሪ አላስፈለገኝም። አባቶቻቸው ከባልሽ ከተክሉ ጋር አንድ የጸጥታ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ናቸው። ኦቦ ጎበናን ያን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አስታውሳለሁ፣ በርሲስቱ» አሉኝ፣ መምህርነቴን እንደ ወትሮው በአፋን ኦሮሞ ጠርተው። «አራቱንም በአንድ ባጃጅ ነው የጫነቻቸው። የሷ ልጅ ግን አልገባም ብላ የበሩን ብረት ይዛ አለቀሰች። እኔ ጥርሷ መስሎኝ አይዞሽ አልኳት። እናቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቃ ነው ያስገባቻት።»

ጾም ላይ ስለነበርኩ አፌን ያዝኩ። ሆዴ ግን አልጾመም። ተክሉ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎሽ ይሆናል። ወሬው ከእሱ መውጣቱ ቢታወቅ ከሥራው አልፎ ሊታሰር ይችል ነበር፤ ይህ ይገባኛል፣ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር። ነገር ግን ለባልሽ ባልደረቦች ልጆች ያልፈራሽውን ለኑሃ ስትይ ፈራሽ? አራት ክፍል ዞረሻል፣ አንዱ የእኔ ነበር። ፊት ለፊትሽ ቆሜ ነበር። ምንም ባታብራሪልኝ፣ በዓይንሽ ብቻ ብትጠቅሺኝ እኔም የልጄን ጥርስ አሳምሜ እልክልሽ ነበር። አራት ልጅ የያዘ ባጃጅ አምስተኛ አይከብደውም። አንቺ ግን አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ልጆች አንዷን አንስተሽ ሄድሽ። ከዚያ በኋላ ብርቱካን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ደጃፉ የእኔ መሆኑን አላውቅም ነበር። ተከድቻለሁ፣ የወይንሐረግ። የሚያለሳልሰው ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

በማግስቱ ማክሰኞ ሁለቱ ልጆች በመምህራን ክፍል የምስክር ወረቀቶቹን ይጽፉ ነበር። የኑሃ ቀኝ እጅ ወረቀት ረግጦ መያዝ ስለማይችል ቢታንያ በሁለት እጇ ትይዝላታለች። ዓመቱን ሙሉ ማስታወሻም ስትገለብጥላት ነው የከረመችው። እኔ ግን ያን ዕለት ያየሁት የአንቺን ፊት ነው፤ ቁርጥ አንቺን አይደለች። ተነሺ ከዚህ፣ ሂጂ ወደ አያትሽ አልኳት። ድምፄን ራሴም አላወቅኩት። ልጅቷ ደንግጣ ወረቀቱን ለቀቀች፣ የኑሃ እስክሪብቶም በተጻፈው ስም ላይ ተንሸራተተ።

ኑሃ ቀና ብላ አየችኝ። «ኡሚ፣ እሷ እኮ ነግራኝ ነበር» አለች።

ምን ብላ አልኳት።

«ያን ቀን፣ ቦርሳዋን ስትሰበስብ። ዛሬ እዚህ ረብሻ ይመጣል ብሏል አባዬ፣ ቶሎ ነይ፣ በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ አለችኝ። ለዚህ ነው ልውጣ ያልኩሽ።»

ቁጭ አልኩ። ስድስት ወር ሙሉ ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። መጀመሪያ፣ የቢታ አባት እንዳይታሰር ብዬ ምያለሁ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰችና፣ «እንቢ ያልሽኝም አንቺ ስለሆንሽ ነው» አለች።

ምን ልበልሽ። ለአንቺ ልጅ ፈቃድ የፈረምኩ፣ ለራሴ ልጅ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ይህን በአንቺ ላይ አላላክክም፤ የራሴ ነው፣ ይዤው እኖራለሁ። ግን አንቺ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ እንቢ አልላትም ነበር። ይህንንም ደግሞ አንቺ ይዘሽው ኑሪ። ቢታንያን መልሼ አስቀመጥኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጅ ይቅርታ ሲጠየቅ ያፍራል፤ ወረቀቱን አጥብቃ ያዘች።

ሐሙስ ዕለት ውጤት ሲነበብ ልጅሽ ሁለተኛ ወጣች። እማማ ማሪቱ ግቢውን በእልልታ አቀለጡት። እስክሪብቶ የተንሸራተተበት የምስክር ወረቀት የእሷው ነበር፤ ደጊቱ ሌላ ይጻፍልሽ ብትላት አልፈልግም አለች። ኑሃ አሥራ አንደኛ ናት። በግራ እጅ ሲጻፍ የፈተናው ሰዓት ቀድሞ ያልቃል።

ይኸው፣ አንድ አላስቀረሁብሽም። የበር ደብተሩን ለደጊቱ አስረክቤያለሁ፤ ገጹን አልቀደድኩም፣ ለማንም ግለጡልኝ አላልኩም። ወደ ሰበታ ብትመጪ በሬን ታንኳኪ እንደሆነ አላውቅም፤ ከፍቼልሽ ምን እንደምልሽም ገና አላውቅም። ቢታንያ ግን ክረምቱን አያቷ ዘንድ ትምጣ። ቤቴ ቤቷ ነው፣ ኑሃም ትጠብቃታለች። ለእሷ የምሰጠው ቃል ይህ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ካርዱን ስታገላብጪ ከጀርባው «የክፍል ኃላፊ አስተያየት» የሚል መስመር አለ። ለብዙዎቹ ጎበዝ፣ በርቺ እያልኩ ነው ያለፍኩት። በቢታንያ ካርድ ላይ የጻፍኩት ግን «የሰማችውን ለጓደኛዋ ትናገራለች» የሚል ነው። ከሥሩ የወላጅ ፊርማ ቦታ አለ። ያለ ፊርማ አዲሱ ትምህርት ቤት ካርዱን አይቀበልም። አንብቢውና ፈርሚ።

ሰይዳ፣
የ5ኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ