ቀይ ካያችሁ አትግቡ

ጥቅምት 4
ቡታጅራ ዛሬ ዝናብ የለም። የሬዲዮና የስልክ መጠገኛ ሱቄን ስከፍት ዱባለ ከቡኢ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ስልኩን ዘረጋልኝ።
"ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ወደ ራሳችን መልስልኝ፣ ደስታ።"
2018 አደረግሁለት። "ሰባት ዓመት አሳነስኩህ። አሁን ሚስት መፈለግ ትችላለህ።"
"አንተ ዘንድ ቁም ነገር የለም" እያለ እህቱን መንበረን ሊጠይቅ ሄደ። ጨጓራዋ ተነስቶባታል። ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም። ስልኩም ከመደወል ሌላ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ለምሠራው የእድራችን ድረ ገጽ። ማን እንደሞተ ሳያይ ጠዋት ከቤት አይወጣም።

ጥቅምት 11
የእድሩ ዳኛ ሽባባው አረፈ ይላል ገጹ። ከነፎቶው። ሰው እያለቀሰ ቤቱ ሲደርስ፣ ሟቹን ቆጮ ሲበላ አገኙት።
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማን ይፈርድባቸዋል? ከዚህ በፊት ለቀልድ የጠፋ በግ ማስታወቂያ ላይ የሽባባውን ፎቶ የለጠፍኩ ሰው ነኝ። የዛሬውን ግን እኔ አላደረግሁትም… ማን ያምናል?

ጥቅምት 13
የእህቴ ልጅ ትርሲት ኮምፒውተር ተምራለች። አጣራችልኝ።
"አጎቴ፣ ፓስዎርድህን ካፌ ዋይፋይ ላይ ጻፍክ። ገጽህ ምንም ነገር አይመሰጥርም። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ሊያነበው ይችላል።"
"አደባባይ ላይ እየጮህኩ ነበር በይኛ።"
"ያውም በማይክ።"

ጥቅምት 17
ትርሲት እንዳለችኝ ገጹን የሚመሰጥረውን ሰርተፍኬት አስገባሁ። ሁለቴ ተበላሸብኝ። በመጨረሻ ሠራ። የድሮውን አድራሻ የከፈተ ሁሉ አሁን በራሱ ወደተመሰጠረው ይሄዳል።
ለአባላት ሁሉ መልእክት ላክሁ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ቀይ ማስጠንቀቂያ ካያችሁ አትግቡ። ሌባ ነው።"
ሽባባው ደወለ። "አሁን ብሞት እውነት ነው ማለት ነው?"
"አሁንማ ተቆልፎብህ ነው የምትሞተው።"

ጥቅምት 26
መንበረ አረፈች። ቀላል ሕመም መስሎን…
ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት። ለዱባለ ማን ይንገረው? መርዶ በስልክ አይነገርም። ድሮ ሁለት ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ ይላክ ነበር።
"ጠዋት ገጹን ያየው የለ? ሰው ለምን እናደክማለን?" አለ ሽባባው።
ገጹ ላይ አወጣሁት። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ጥቅምት 27
ቀበርናት። ዱባለ አልመጣም።
ድንኳን ውስጥ ሹክሹክታ። "ይሄም ወንድም ነው?"
ልደውል ስልኬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩ። ምን ብዬ? ካወቀ ልወቅሰው ነው? ካላወቀስ…

ጥቅምት 29
የሠልስቷ ቀን። ዱባለ መጣ፣ ቡላ ይዞ። ለጨጓራዋ። ከባጃጅ ወርዶ ድንኳኑን አየ።
"የማን ነው?"
የጠየቀው እኔን ነው።

አልቅሶ ሲደክም ስልኩን ተቀበልኩት። ገጹን ነካሁ። ቀይ። የስልኩ ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ሰርተፍኬቱ የወጣው በፈረንጅ 2025 ነው። ስልኩ ግን 2018ን የፈረንጅ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ለእሱ ገና አልወጣም።
"መልእክትህ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ቀይ ነው" አለኝ። "አትግቡ አልክ። አልገባሁም።"
ዓመቱን ልቀይር ጣቴን ሰደድኩ።
"ዘንድሮ 2018 አይደለም እንዴ?"
"ነው።"
"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?"
ዓመቱን ሳልነካ ስልኩን መለስኩለት።

ኅዳር 6
ዱባለ ሱቅ አልመጣም። ስልኩ ይጠራል፤ አያነሳም።

ኅዳር 12
ትናንት የእድራችን አባል አበባ አረፈች። ልጇ ያለው ቡኢ ነው። ገጹ ላይ ምንም አላወጣሁም። ሽባባውን ቀስቅሼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድን።
ገና ሳይነጋ ዱባለ ደጁ ላይ ቆሟል። ሁለት ሰው በዚህ ሰዓት ሲመጣ ምን እንደሆነ ያውቃል።
"ለማን ነው?"
ሽባባው ነገረው።
ጋቢውን ተከናነበና ከፊታችን ሄደ። የአበባን ልጅ ቤት የሚያውቀው እሱ ነው። ወደ እኔ አልዞረም። ተከተልኩት።