በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚጠፋው ማይክ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከሰዓት

ባትሪ ቀየርኩ። የራህመትን ማዳመጫ በጥጥ ጠረግሁ። ኩክ የለውም፣ ላብ አልገባበትም። የከተማችን የሮቢት ሙቀት ያበላሸው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። በአማርኛ ይሠራል። በባዮሎጂ ይሠራል። መምህሩ ማይኩን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ድምፁ በቀጥታ ጆሮዋ ይገባል፣ በቃ። በሒሳብ ክ/ጊዜ ብቻ ጸጥ።

ራህመት ዘጠነኛ ክፍል ናት። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ጆሮዋን ጎዳው። በት/ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ እኔ ነኝ፤ መሣሪያው ዝም ሲል የምጠየቀውም እኔ።

የሒሳቡ መ/ር ጋሽ ተሾመ ዛሬ በመምህራን ማረፊያ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ዕቃሽ አሮጌ ነው አለኝ። ልጅቷም ብትሆን ችግሯ ጆሮዋ ሳይሆን ጭንቅላቷ ነው አለ። መምህራኑ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ አልኩ? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ያዝኩት።

ትርፉን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ከክፍሉ ውጭ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ሰላምታውን ሰማሁ። ከዚያ ቀጭ አለና ጸጥ። በመስኮት አጮለቅሁ። ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ይጽፋል፣ ያስረዳል። ዞር ሲል አየሁ፤ ማይኩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ድምፅ ማጥፊያውን ተጭኖታል። ለካ የተበላሸው ዕቃው ሳይሆን ሰውዬው ነው።

ሲወጣ ጠየቅሁት። አልካደም። ደረቱ ላይ ሬዲዮ ጣቢያ ተሸክሞ እንደማያስተምር ነገረኝ። ለአባቷም፣ ትምህርት ስለማይገባት ቤት ትርዳ ብሎ መክሮታል።

ለራህመት ነገርኳት። በሒሳብ ሰዓት ጆሮዬ ጨርሶ እየጠፋ መስሎኝ ነበር አለች። ፈርታ ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ከመስከረም ጀምሮ ይህን ብቻዋን ይዛ ነው የምትማረው።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልዋሽም። እንዲቀጣ አይደለም የምፈልገው። እንዲያፍር ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አባቷ አቶ ሰይድ በባጃጅ መጣ። ሽንኩርት አምራች ነው። ልጁን ከት/ቤት ሊያስወጣት ነው የመጣው። ስለ ማይኩ ነገርኩት፤ አላመነኝም። መምህር እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማሰብ ከበደው።

“ጠልቻት አይደለም እኮ እህቴ” አለኝ። “ሞኝ እየተባለች ከምትውል ሽንኩርት ብትነቅል አይሻላትም?”

ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ። እሱን ይዩና ከዚያ ይውሰዷት አልኩት። ኢንሻአላህ ብሎ ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ርዕሰ መምህሩ መሣሪያውን ለወላጆች እንዳሳይ ፈቀዱልኝ። አንድ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ ብዬ ጋሽ ተሾመን በስሙ ጠራሁት። በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት እምቢ አይል ነገር። ከአዳራሹ መጨረሻ አስቀመጥኩት፤ አንድ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ፣ በሌላው ጥጥ። እኔ ከፊት ሆኜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ማይኩ ላይ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። የት ተወለዱ፣ ስንት ልጅ አለዎት። ሁሉንም መለሰ። ወላጆች ተገረሙ። እሱም ደስ አለው፣ ሳቀ።

ያኔ ድምፅ ማጥፊያውን ተጫንኩት። ሹክሹክታዬን አላቋረጥኩም፤ ቀላል የመደመር ጥያቄ ነው። ከዚያ መልሼ ከፈትኩና መልሱን ይንገሩን አልኩት።

“የቱን መልስ? ምንም አልሰማሁም።”

“ጥያቄውን ጠይቄዎት ነበር” አልኩ። ወደ ወላጆች ዞርኩ። “እንግዲህ ጋሽ ተሾመ ትምህርት አይገባቸውም።”

ማንም አልሳቀም። ራህመት በሒሳብ ሰዓት የምትሰማው ይህንኑ ነው አልኩ፤ ገባቸው። አቶ ሰይድ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። “ወላሂ፣ ልጄን እንዲህ ነው ያደረጓት?” አለው። ጋሽ ተሾመ ጥጡን ከጆሮው እያወጣ መሬት መሬት አየ። ላቡ አገጩ ድረስ ወርዷል። እያንዳንዱን ጠብታ አየሁለት።

በኋላ ርዕሰ መምህሩ አብዝተሻል፣ በጓዳ ማለቅ ይችል ነበር አሉኝ። እሱ ራህመትን በጓዳ አልሰደባትም። ይህን አልመለስኩላቸውም፤ እሺ ብዬ ወጣሁ። አልጸጸትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ይቅርታ እንዲጠይቅ ታዘዘ። ማይኩን አንጠልጥሎ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ጠየቀ። ከኋላ ቆሜ በትርፉ ማዳመጫ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ያም አናደደኝ። ጥሩ መናገርማ ሁልጊዜም ይችል ነበር።

ራህመት ተነሣች። ድምፅዋን መመጠን አይሆንላትም፤ ውጭ ድረስ ተሰማ።

“ቲቸር፣ ይቅርታው ይቅርብኝ። ከመስከረም ጀምሮ ያስተማሩትን ይድገሙልኝ።”

ጋሽ ተሾመ እኔን አየኝ፤ እንድገላግለው ነው መሰለኝ። አልገላገልኩትም። እሺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እደግምልሻለሁ አለ።

አቶ ሰይድ ቅዳሜን ከሽንኩርቱ ነጻ አድርጎላታል። አላስወጣትም።

እኔን ማንም አልጠራኝም። ግን በየቅዳሜው እሄዳለሁ። የኋላው ወንበር ላይ ማዳመጫዬን አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው። ይቅር ብዬው እንደሆነ ሲጨርስ ይጠይቀኝ።