ለኒንያን የምትቀመጠው ያረረች ቁራሽ

ይድረስ ለወንድሜ ለኒንያን፤

እንዴት ከርመሃል፣ የእናቴ ልጅ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ? ሚስትህ ማራማስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እዚህ ብርድ ቢሆንም፣ እናንተ ጋ በዓለም ማዶ አሁን በጋ ስለሆነ በየሜዳው ሲሯሯጡ ይታየኛል። እኛ ደህና ነን ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እማዬ ግን ደህና አይደለችም፤ የምጽፍልህም ስለሷ ነው።

አባዬን ከቀበርነው አሥር ሳምንት ሆነው። ለቀብር ባለመምጣትህ አልወቅሰውም ብዬ ነበር። ዋሸሁ፣ እወቅስሃለሁ። የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ቶርኪል እንኳ በሰማንያ ዓመታቸው፣ በዚያ ዝናብ፣ ሳጥኑ ሲወርድ ገመድ ይዘው ቆመዋል። የራስጌው ገመድ የወንድ ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ። ያንተን እሳቸው ያዙልህ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ እህል አልቀምስ አለች። ሾርባ ባቀርብላት አማስላ አማስላ ትተወዋለች። ቀሚሷ ላይዋ ላይ ተንጠለጠለ። ሐኪሙ አይቷት ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት። "እኔ መድኃኒት የለኝም፤ የምትወደውን ስጧት። እንዲህ ከቀጠለች ለፋሲካ አትደርስም" አለኝ። የምትወደውንማ አንተም ታውቃለህ። አርባ ስድስት ዓመት የባለ ሉካንዳ ሚስት፣ ያውም የበግ ጨጓራ ሞልቶ የሚቀቅል የሃጊስ ሠሪ ሚስት ሆና ኖራለች።

ስለዚህ በጥር ሃያ አምስት፣ አገሩ ሁሉ ሃጊስ በሚበላበት ቀን፣ እኔው ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ከገበያ ግዢ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ የአባዬ ሚስት የሰው ሃጊስ አትበላም። የበጉን ጨጓራ በጨው ውኃ አሳደርኩ። ልቡን፣ ጉበቱንና ሳንባውን ቀቀልኩ፤ የጉሮሮውን ቧንቧ እንደ አባዬ በድስቱ ጠርዝ አንጠልጥዬ አረፋውን በሳህን ተቀበልኩ። አጃውን አመስኩ፤ ሽንኩርት፣ ሞራና ቁንዶ በርበሬ ጨመርኩበት። እስከዚህ ድረስ እጄ ይባረክ። ከዚያ ጨጓራውን ጢም አድርጌ ሞልቼ ሰፋሁት! "አጃ ያብጣል፤ ለሚያብጠው ቦታ ተይለት" እያለ አባዬ ሲጮህብኝ አይደል እንዴ ያደግኩት? ግን እማዬ ትልቅ ሆኖ ስታየው ደስ እንዲላት ብዬ ነው። እንፋሎቱ እንዲወጣ በመርፌ መውጋቱንም ረሳሁት፤ እሱ ሁልጊዜ የአባዬ ሥራ ነበራ።

ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይፈላ ድስቱ ውስጥ ፈነዳ። ጋሽ ቶርኪል ውስኪያቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አስግገው አዩና "አንቺ ሞራግ፣ ይሄ ገንፎ ነው ወይስ አደጋ? አባትሽ ቢያይ ከመቃብር ተነስቶ በጥፊ ነበር የሚልሽ!" አሉኝ። ሳቅኩ፤ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመርኩ። እማዬ ባዶውን ሳህን አየች፣ ድንቹንና ሥራሥሩን ተርኒፑን አየች። "አባትሽ አርቺ ቢኖር ይወጋው ነበር" ብላ ወደ መኝታዋ ወጣች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

የቀረውን በወንፊት አጥልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ልጥለው አሳዘነኝና በመጥበሻ ላይ ደልድዬ ጠበስኩት፤ አንተ እንደምትወደው፣ ጠርዙ እስኪያር፣ እንቁላል ከላይ ጣል አድርጌ። ለአባዬ ሃጊስ ማለት በድንችና በተርኒፕ፣ ውስኪ ጠብ ተደርጎበት ነው፤ ሌላው ሁሉ ክህደት ነው ይል ነበር። አንተ ደግሞ ሃጊስ የሚጣፍጠው በነጋታው ነው እያልክ ታበሳጨዋለህ። በዚህ ስንት ቁርስ ተኮራርፋችኋል! እማዬ ግን አባዬ ወደ ሉካንዳው እስኪወጣ ጠብቃ ካንተ መጥበሻ ትሻማ ነበር።

ሽታው ፎቅ ድረስ ሲወጣ እማዬ በሌሊት ልብሷ ወረደች። "ኒንያን ተነሳ እንዴ?" አለችኝ። ክው አልኩ። ፊቷ በርቷል፣ ወንድሜ። አይ እማዬ፣ እሱ ባሕር ማዶ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን "አዎ፣ ውጪ ወጣ ብሏል፤ አሁን ይመጣል" አለ። ተቀምጣ ጥርግ አድርጋ በላች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ! ስትጨርስ በጣም ያረረችውን ቁራሽ በሹካዋ ወደ ሳህኑ ዳር ገፋ አደረገችና "ይቺ የኒንያን ናት፣ እንዳትነኪያት" ብላኝ ተነሳች።

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ እጠብሳለሁ። አሁን በልኩ እሞላለሁ፣ በመርፌም እወጋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልፈነዳብኝም። ጉንጯ ትንሽ ቀላ ብሏል። ሐኪሙ "ምን ሰጥተሻት ነው?" ሲለኝ "ውሸት" ልለው ምንም አልቀረኝ። በየጠዋቱ "አልመጣም እንዴ?" ትለኛለች፤ እኔም "እየመጣ ነው" እላታለሁ። ትናንት ግን ጥቂት እንደቀመሰች ሹካዋን አስቀመጠችና "በቃ፣ እሱ ሲመጣ አብረን እንበላለን፤ እጠብቀዋለሁ" አለች። ዛሬም አልነካችውም። ወንድሜ፣ ውሸቴ አልቋል።

ማራማን ሳምልኝ፣ እህቴ በልልኝ። ልጅህ ኮሊን እንዳያደክምህ፤ የእማዬን ስም የያዘችውን ትንሿን ኢሽቤልን ጉንጯን ሳምልኝ። ጋሽ ቶርኪል "ያን ገመድ እስከ መቼ ነው የምይዝልህ? በይው" ብለዋል። እማዬ ሰላምታ አልላከችልህም፤ ቤት ያለህ ነው የሚመስላት። ያቺን ያረረች ቁራሽ እማዬ ፎቅ ስትወጣ እየበላሁልህ የከረምኩት እኔ ነኝ። ያረረ ነገር እንደማልወድ ታውቃለህ። መጥተህ ድርሻህን ብላ።

እህትህ ሞራግ
ብሬኺን፣ ስኮትላንድ
የካቲት 3 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.