ውሃ በመንካቷ ፈቃድ ስለተከለከለች ጀልባ

ለተከበሩ የዓሣና የጀልባ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዲላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁንልዎ፤ ቤተሰብዎ፣ መኪናዎና ማኅተምዎም ደኅና ይሁኑልኝ። ቃሉ የእኔ የቦና አማኑ ነው፤ እጁ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው የባርናባስ ነው። ባርናባስ ስድቤን እያወጣ በቦታው «ክቡር» ስለሚያስገባ፣ ክቡር የበዛበት ቦታ ምን እንደነበረ ራስዎ ያውቁታል።

እኔ ጢሜ ሳይበቅል ጀምሬ አባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሳሰግር ኖሬያለሁ፤ አዞ እንኳ ፈቃድህን አሳየኝ ብሎኝ አያውቅም። እርስዎ ግን ክቡር ሆይ፣ ለንግድ የሚያሰግር ጀልባ ሁሉ ፈቃድ ይኑረው ብለው፣ ፈቃድ እስካወጣ ድረስ መረቤን ወሰዱልኝ። መረቡ ከበደኝ ብዬ ሳልናገር ስላወቁልኝ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬ እነሆ።

አንደኛ፣ የላኩት መርማሪ ጀልባዬን ዞሮ ዞሮ አየና መጣፊያ በዝቶባታል አለ። እውነት ነው። መጣፊያ የሚበዛው የሚለበስ ሱሪ ላይ ነው፤ ሳጥን ውስጥ የተኛ ሱሪ አይቀደድም። ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ራሱን ነቅንቆ «አባባ፣ ይቺ ጀልባ እኮ ውሃ ነክቷታል» አለኝ። ደነገጥኩ፤ እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ያላት ጀልባ የወይዘሮ አትጠገብ ናት። ወይዘሮ አትጠገብ ጨዋ ሴት ናቸው፣ ቂም የለኝም፤ ጀልባቸው ግን የቆመችው ዲላ መሐል፣ ምግብ ቤታቸው ግቢ፣ ሲሚንቶ ላይ ነው። ሰማያዊ ተቀብታ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶባት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች መቅዘፊያውን ገልብጠው ይዘው ፎቶ ይነሱባታል። ሰጥማ አታውቅም፤ ያላደገ ዓሣ ይዛ አታውቅም፤ ከአዞ ጋር ተጣልታ አታውቅም። ስለዚህ በየዓመቱ ፈቃዷን ያድሱላታል፤ ዘንድሮም «አርአያ ጀልባ» ብለው የምስክር ወረቀት ሸልመዋታል። እንኳን ደስ አላት።

ሦስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም። ባርናባስ ግን ሦስት ያልሞላ ማመልከቻ ቢሮ አይቀበልም ስላለኝ፣ የቢሮዎ ደረጃ ይጻፍልኝ፤ ለጉልበቴ አይመችም።

እኔ እልኸኛ ሰው አይደለሁም፣ ካየሁት እማራለሁ። ጀልባዬን በአይሱዙ አስጭኜ አምጥቼ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት አስቀምጫታለሁ፤ ዝናቡም እንዳይነካት ሸራ አልብሻታለሁ። እስካሁን አልሰጠመችም። ዘበኛዎ ሙሌም ተኝቶባት በሰላም ተነሥቷል። ሠራተኞችዎ በጎኗ እየተጋፉ ይገባሉ፤ የእርስዎ መኪና ግን ማለፍ ስላልቻለ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አርአያ ለመሆን ጊዜ ያስፈልጋል። ፈቃዷንና መረቤን በሰጡኝ ዕለት አነሳታለሁ፤ እስከዚያው በደረቅ መሬት ላይ ጠባይዋን ታሳምር።

የማዕረግዎን ከፍታ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ የማይ፣ ለእርስዎ ስል ሐይቁን ትቼ አስፋልት ዳር የተቀመጥኩ፣

ቦና አማኑ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ጣቴን ካተምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዓርብ ዕለት እርስዎ ወይዘሮ አትጠገብ ቤት የዓሣ ጥብስ አዝዘው፣ አርአያዋ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ብዙ ጠብቀው፣ በመጨረሻ ሽሮ በልተው እንደሄዱ ሰማሁ። አዘንኩልዎ። ለዚያ ቤት ዓሣ የማቀርበው እኔ ነበርኩ።