ከሊሾው ሥር

ሚያዝያ 6

ለመላው የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሕዝብ በታላቅ ክብር ይገለጻል፦ የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ ዛሬ ጠዋት ተበጥሷል። የሐዘን ቀን አይታወጅም... ቀኙ ደህና ነው።

ሌላ ወሬ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን የዩኒቨርሲቲውን አሮጌ ሕንጻ ዘመናዊ ላብራቶሪ ሊያደርጉት ነው። ተቆጣጣሪዋ የልጅ ልጄ ኑኃሚን። እኔ የኬሚካል ዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አሁን የአልጋዬ ኃላፊ ነኝ።

ሚያዝያ 9

በባጃጅ ሄጄ አየሁት። በር የለ፣ መስኮት የለ። ግንበኛው ዒልሚ "አዎው" ይለኛል፤ በሶማልኛ አያቴ ማለቱ ነው። የሁለት ልጆች አባት። ነገ የዕቃ ክፍሉን ሊሾ እንደሚያፈርሱ ነገረኝና ከሥሩ ምን እንዳለ ጠየቀኝ።

"ፈረንሳዮቹ ባቡሩን ሲሠሩ የቀበሩት ወርቅ" አልኩት።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ዒልሚ ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ።

ከሥሩ ያለውን አውቃለሁ። ጊዜው ያለፈበት አሲድ ነው፣ በጠርሙስ። ያኔ የሚወገድበት ቦታ አልነበረም። ቀበርነው፤ ሊሾውን በላዩ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ አልሰፈረም። አሠራሩ እንዲያ ነበር...

ለምን ዝም አልኩ? ኑኃሚንን አፍሬ? ወይስ ሳቁ ጣፍጦኝ? ነገ በአራት ሰዓት ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ሚያዝያ 10

በዚህ ሙቀት ሥራ የሚጀመረው ገና ሳይነጋጋ ነው። ዕድሜ ልኬን ድሬ ኖሬ እንዴት ረሳሁት?

ስደርስ ዒልሚን ሆስፒታል ወስደውታል። አፈሩ ላይ ሲደርስ ዶማውን ጥሎ በእጁ መጫር ጀመረ አሉ። ጓደኞቹን ዘወር በሉ እያለ። ጠርሙሱ ተሰበረ። እጁና ዓይኑ...

ሚያዝያ 11

ለኑኃሚን ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም።

"ስንት ጠርሙስ ነው፣ አባባ?"

አርባ ያህል አልኳት። የት የት እንዳለ ሥዬ ሰጠኋት። ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ሥራው ቆመ።

ሚያዝያ 19

ጎረቤት ሲያየኝ ቀልድ ይጠብቃል። የለኝም።

ሆስፒታል ሄድኩ። የዒልሚ ሚስት ሆዳን ወንበር ለቀቀችልኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ሐኪሞቹ ቀኝ ዓይኑ አይመለስም ብለዋታል።

ከሥሩ አሲድ እንዳለ አውቅ ነበር አልኩት። እሷም ሰማች። ዒልሚ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"አዎው፣ ወርቁስ?" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

...እዚህ ማስታወሻዬ ላይ እንኳ? ለማን ብዬ?

"ወርቁስ?" ማለቱ እውነት ነው። ሳቀ ያልኩት ነው ውሸቱ።